የሰር አይዛክ ኒውተን ሕይወትና ሥራ

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ብዙ ሳላመነታ የመረጥሁት ሰር አይዛክ ኒውተንን ነው። የፊዚክስ መጽሐፋችንን በከፈትን ቁጥር ስሙን እናገኘዋለን፤ ዳሩ ግን ሰውየው ማን እንደ ነበረና በምን ዓይነት ኑሮ እንዳደገ የሚያውቀው ተማሪ ጥቂት ነው። ስሙን ከሕጎቹ ጋራ ለፈተና እንሸመድዳለን፤ ፈተናው ሲያልፍ ደግሞ ሁለቱንም አብረን እንረሳቸዋለን።

ኒውተን የተወለደው በእንግሊዝ አገር በሊንከንሺር አውራጃ ዉልስቶርፕ በምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ነው። ዕለቱ እንግሊዞች በዚያን ጊዜ ይከተሉት በነበረው በአሮጌው አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ነበር። ይህንን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ብንመልሰው ታኅሣሥ 29 ቀን 1635 ዓ.ም. ማለት የገና ዕለት ይሆናል። እንግሊዞች አዲሱን የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ገና አልተቀበሉም ነበርና የእነርሱ የልደት በዓልና የእኛ ገና በአንድ ቀን ይውሉ ነበር። በአዲሱ አቆጣጠር ግን የተወለደበት ቀን ጃንዩዌሪ 4 ቀን 1643 ነው። ጋሊልዮ በሞተበት ዓመት ኒውተን ተወለደ እያሉ የሚጽፉ ብዙ መጻሕፍት አሉ፤ ይህ ግን ሁለቱን አቆጣጠሮች ከማደባለቅ የመጣ ነው። ያን ጊዜ በአገራችን ዓፄ ፋሲል በጎንደር ነግሠው ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አባቱ ስሙን እንኳ መጻፍ የማይችል ገበሬ ሲሆን ልጁ ከመወለዱ ከሦስት ወር በፊት ሞተ። ሕፃኑም ያለ ጊዜው የተወለደና እጅግ ትንሽ ስለ ነበረ ውሎ ያድራል ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው አልነበረም። ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ በዕድሜ የገፉ አንድ ቄስ አግብታ ወደ ሌላ መንደር ሄደችና እርሱን ለአያቱ ተወችው። የእንጀራ አባቱ በ1653 እስኪሞት ድረስ ልጁ ያደገው ከአያቱ ዘንድ ነው። በኋላ ዘመን ሰው የማይቀርበው፣ ምሥጢሩን ለማንም የማያካፍልና ቶሎ የሚቀየም ሰው የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው የሚሉ አሉ። ነገሩ እውነት ይመስለኛል።

በ12 ዓመቱ ግራንታም ወደምትባል ከተማ ሄዶ በአንድ መድኃኒት ቀማሚ ቤት እያደረ መማር ጀመረ። በመጀመሪያ ከክፍሉ መጨረሻ ከሚቀመጡት ወገን ነበር ይባላል። ከመጽሐፉ ይልቅ የሚወደው መዶሻና መጋዝ ነበረ። በነፋስ የሚዞር ትንሽ ወፍጮ፣ በውሃ የሚሠራ ሰዓት፣ በግድግዳ ላይም በጥላ ሰዓት የሚያመለክት መስመር ይሠራ ነበር።

ከልጅነቱ ታሪክ ሁሉ ግን እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ የዝላዩ ታሪክ ነው። በ1658 የእንግሊዝ ገዥ የነበረው ክሮምዌል በሞተበት ሰሞን በአገሩ ላይ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። ሌላው ሰው በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ የ15 ዓመቱ ልጅ ወደ ሜዳ ወጥቶ አንድ ጊዜ ከነፋሱ ጋራ፣ አንድ ጊዜም ነፋሱን ተቃውሞ እየዘለለ ርቀቱን ለካ። ነፋስ በሌለበት ቀንም ዘልሎ እንደዚሁ ለካ። ከዚያም ልዩነቱን በማየት የነፋሱ ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ሞከረ። እንግዲህ ኃይል የሚባለው ነገር በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው በሚያስከትለው የእንቅስቃሴ ለውጥ ነው። ኒውተን ይህንን ያገኘው በሸማገለ ጊዜ ከመጽሐፍ ሳይሆን በልጅነቱ በገዛ እግሩ ነው። (እኛም ባለፈው ክረምት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሞክረነው ነበር፤ ሦስተኛው ዘላይ በጭቃው ላይ ስለ ወደቀ ልኬታችን ተበላሸ።)

ወደ 17 ዓመት ሲጠጋ እናቱ ከትምህርት ቤት አውጥታ ወደ እርሻ መለሰችው። አባቱ የተወው መሬትና በግ ነበረና የበኵር ልጇ እርሱን ይዞ እንዲኖር መፈለጓ አያስነቅፋትም። እዚህ ላይ የጅማንና የአካባቢውን ተማሪ ማሰብ ይገባል። በጎማ፣ በጌራ፣ በሊሙ፣ በሰቃም ሆነ በአጋሮ ዙሪያ ቡናው ቀልቶ የለቀማው ወራት ሲደርስ ከየክፍሉ ስንት መቀመጫ ባዶ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ለቀማው ሲያበቃ ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹም በዚያው ይቀራሉ። ወላጆቻቸው ጨካኞች ሆነው አይደለም፤ የዓመቱ ኑሮ የተንጠለጠለው በዚያ ፍሬ ላይ ስለ ሆነ ነው።

ኒውተን ግን ለገበሬነት አልሆነም። በጎቹን ጠብቅ ሲባል ከአጥር ሥር ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብ ወይም በጅረት ውስጥ የውሃ መንኰራኩር ያቆም ነበር። በጎቹ የሰው ማሳ ስለ ገቡና አጥሩም ስለ ፈረሰ በ1659 በአካባቢው ችሎት መቀጫ ከፈለ። በዚህ ጊዜ ሁለት ሰዎች ደረሱለት። አንደኛው የተማረ ቄስ የነበረው የእናቱ ወንድም ሲሆን ሁለተኛው የግራንታም ትምህርት ቤት ኃላፊ መምህር ስቶክስ ነበር። መምህሩ ወደ እናቱ ሄዶ ልጁ ከእርሻ እንዲመለስ ለመነ፤ ከከተማው ውጭ የመጣ ተማሪ የሚከፍለውን 40 ሺሊንግም እንደሚተውለት ቃል ገባ። እናቱም እሺ አለች። ያ መምህር አንድ ቀን መንገድ መሄድ ሰልችቶት ቢቀር ኖሮ የእንቅስቃሴ ሕጎች በማን ስም ይጠሩ እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

በ1661 ኬምብሪጅ በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። እናቱ ገንዘብ ቢኖራትም ብዙ አልሰጠችውም ነበርና የሀብታም ተማሪዎችን ምግብ እያቀረበና ዕቃቸውን እያነሣ ነበር የሚማረው። በ1665 የመጀመሪያ ዲግሪውን እንዳገኘ በእንግሊዝ ታላቅ ወረርሽኝ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ኒውተንም ወደ ዉልስቶርፕ ተመለሰ። በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የነበሩበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። ነገር ግን ኒውተን በእነዚያ ሁለት ዓመታት የሠራው ሥራ ለማመን ያስቸግራል። አዲስ የሒሳብ ስልት ፈጠረ፤ ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ መሆኑን መረመረ፤ ስለ መሬት ስበትም ማሰብ ጀመረ።

ፖም ከዛፍ ስትወድቅ አይቶ ማሰብ መጀመሩን ኒውተን ራሱ በስተርጅና ለወዳጆቹ ነግሯል። ፖሟ ራሱን መታችው የሚባለው ግን ተረት ነው። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ የቡና ፍሬ ይሆን ነበር። ፍሬው ወደ መሬት ይወድቃል፤ ጨረቃ ለምን አትወድቅም? መልሱ ጨረቃም ትወድቃለች የሚል ነው። ከዛፍ የተለቀቀ ፍሬ በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር ይወድቃል። ጨረቃ ከመሬት እምብርት ያላት ርቀት እኛ ካለን ርቀት 60 ጊዜ ይበልጣል። ስበቱ በርቀቱ ካሬ ልክ የሚቀንስ ከሆነ በዚያ ቦታ 3600 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ጨረቃ በአንድ ሰከንድ የምትወድቀው 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያው ሰከንድ ግን ወደ ጎን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትጓዝ እየወደቀች መሬትን ትዞራለች እንጂ አትደርስባትም።

የኒውተንን ሥራ ትልቅነት ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን አስተሳሰብ ማወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ መቶ ዓመታት የተማሩት ሰዎች የአሪስቶትልን ትምህርት ተከትለው አንድ ነገር እንዲንቀሳቀስ ዘወትር የሚገፋው ወይም የሚጎትተው ያስፈልገዋል ይሉ ነበር። ይህ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። እኛም በየቀኑ የምናየው ይህንኑ ነው፤ በሬዎቹ ሲቆሙ ማረሻው ይቆማል፤ ጋሪው ፈረሱ ካልጎተተው አይሄድም። ጋሊልዮና ዴካርት የሚባሉት ሊቃውንት ይህን ሐሳብ ቀድመው ተቃውመውት ነበር፤ ኒውተን ግን ነገሩን በሙሉ በሦስት ሕጎች ሰበሰበው።

የመጀመሪያውን ሕግ ለማየት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ኮረብታ በብስክሌት መውረድ ይበቃል። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስንደርስ ፔዳሉን ባንመታም ብስክሌቱ መሄዱን አይተውም። በአስፋልት ላይ ሩቅ ይሄዳል፤ በኮረት ላይ ያንሳል፤ በጭቃ ላይ ወዲያው ይቆማል። ስለዚህ ያቆመው የሚገፋው ኃይል ማለቁ ሳይሆን የመንገዱ ፍትጊያና የአየሩ ተቃውሞ ነው። እነዚህ ባይኖሩ በያዘው ፍጥነት በቀጥታ መስመር ለዘለዓለም ይሄድ ነበር። ለመሄድ ኃይል አያስፈልግም፤ ኃይል የሚያስፈልገው አካሄድን ለመለወጥ ነው። የጅማ ጭነት መኪና ረዳት ጆንያዎቹን በገመድ ጥፍር አድርጎ የሚያስረውም ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ጆንያው መሄዱን ሊቀጥል ይፈልጋልና።

ሁለተኛው ሕግ ለውጡ ምን ያህል እንደ ሆነ ይናገራል። ባዶውን 4 ቶን የሚመዝን መኪና በ4000 ኒውተን ኃይል ቢገፋ፣ ፍትጊያውን ለጊዜው ትተን፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ1 ሜትር እየጨመረ በ10 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ያው መኪና አጋሮ ላይ 4 ቶን ቡና ቢጭንና በዚያው ኃይል ቢገፋ ግን በ10 ሰከንድ የሚደርሰው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለመነሣት የከበደው ለማቆምም ይከብዳል። ፍሬኑ የሚሰጠው ኃይል አንድ ከሆነ የተጫነው መኪና ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ከባዶው እጥፍ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ወደ ጊቤ ሸለቆ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሾፌር ገና ከላይ ሳለ ማርሹን ዝቅ የሚያደርገው ስለዚህ ነው። ቀመሩን ባይማረውም እግሩ ያውቀዋል፤ ያላወቁት ደግሞ የወደቁበትን ቦታ መንገደኛው ሁሉ እየጠቆመ ያልፋል።

ሦስተኛው ሕግ በየቤታችን አለ። የተቆላ ቡና በሙቀጫ ስንወቅጥ ዘነዘናው ቡናውን በሚመታበት ኃይል ልክ ቡናውም ዘነዘናውን መልሶ ይገፋዋል፤ መዳፋችን የሚያቃጥለን ከዚህ የተነሣ ነው። ሮኬት የሚነሣውም በዚሁ ሕግ ነው፤ የተቃጠለውን ጋዝ ወደ ታች ሲገፋ ጋዙ እርሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። በዚህ ሙያ ከተሰማሩት ሊቃውንት አንዱ ከእኛው ቡና አገር የወጡ ናቸው። በ1948 በቦንጋ የተወለዱት ቅጣው እጅጉ በአሜሪካ አገር ለናሳና ለሮክዌል ኩባንያ በጠፈር መሐንዲስነት ሠርተው በ2006 ዐርፈዋል።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ሆኖ ለመውጣት ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። ኒውተን በ1669 በኬምብሪጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በመስተዋት የሚሠራ ትንሽ ቴሌስኮፕም ሠርቶ ስሙ ተሰማ። የስበቱን ምርመራ ግን በመሳቢያው ውስጥ አስቀምጦት ኖረ። በ1684 ኤድመንድ ሃሌ የተባለ ወጣት የከዋክብት ተመራማሪ ወደ እርሱ መጥቶ፣ ስበት በርቀት ካሬ የሚቀንስ ቢሆን ፕላኔቶች በምን ዓይነት መስመር ይዞራሉ ሲል ጠየቀው። ኒውተንም ሞላላ በሆነ መስመር መሆኑን አስቀድሞ በሒሳብ እንዳገኘው ነገረው፤ ወረቀቱን ቢፈልግ ግን አጣው። ሃሌ እንደገና እንዲጽፈው ነዘነዘው። ከዚያ በኋላ ኒውተን ምግቡን እየረሳ ለሁለት ዓመት ያህል ጽፎ የተፈጥሮ ፍልስፍና የሒሳብ መሠረቶች የተባለው በላቲን የተጻፈ መጽሐፉ በ1687 ታተመ። የማሳተሚያውን ገንዘብ የከፈለው ሃሌ ራሱ ነው። የሮያል ሶሳይቲ ማኅበር ገንዘቡን ስለ ዓሣዎች በተጻፈ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ላይ ጨርሶ ነበር፤ ያም መጽሐፍ ስላልተሸጠ ለሃሌ ደመወዝ የተከፈለው በዓሣው መጽሐፍ ቅጂዎች ነበር።

በዚህ ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ጅማን የሚነካ ነገርም አለ። በ1672 አንድ ፈረንሳዊ ከፓሪስ ይዞት የሄደው ባለ ፔንዱለም ሰዓት ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ በምትርቀው በካየን ከተማ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረበት። ኒውተን ምክንያቱን ሲያስረዳ ምድር ስለምትሽከረከር በወገቧ አካባቢ አበጥ ያለች መሆኗንና ስበቱም በዚያ የሚያንስ መሆኑን አሳየ። ጅማ ከወገቡ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ቢርቅ ነው፤ በዚያ ላይ ከባሕር ወለል 1700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ በለንደን የተስተካከለ ባለ ሞላ ሚዛን ወደ ጅማ ቢመጣ 60 ኪሎ የሚመዝነውን የቡና ጆንያ 200 ግራም ያህል አሳንሶ ያሳያል። በዚያ ሚዛን ጅማ ላይ ገዝቶ ለንደን ላይ የሚሸጥ ነጋዴ አንዲት ፍሬ ሳይጨምር በየጆንያው ሊያተርፍ ነው። በድሮው ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ግን ይህ አይሆንም፤ ቡናውም የብረት መመዘኛውም እኩል ይቀላሉና። ይህን ስንማር ስለ ክብደትና ስለ ነገሩ ብዛት ያለው ልዩነት ያን ዕለት ገባኝ። አንድ ፈረሱላ ቡና የትም ቢሄድ 17 ኪሎ ነው፤ መሬት እርሱን የምትስብበት ኃይል ግን ጅማ ላይ 166 ኒውተን ያህል ሲሆን ለንደን ላይ ትንሽ ይበልጣል።

ስለ ጠባዩ እውነቱን ካልተናገርሁ ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። ኒውተን ተቃውሞ አይችልም ነበር። ሮበርት ሁክ የሚባለው ሊቅ የስበቱ ሐሳብ የእኔም ነው ባለ ጊዜ ተቈጥቶ ስሙን ከመጽሐፉ ከብዙ ቦታ ፋቀው፤ ስለ ብርሃን የጻፈውንም መጽሐፍ ያሳተመው ሁክ በ1703 ከሞተ በኋላ በ1704 ነው። ከጀርመናዊው ላይብኒትስ ጋራም አዲሱን ሒሳብ ማን ቀድሞ አገኘው በማለት ተጣሉ። በ1712 ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ጉባኤ ለኒውተን ፈረደ፤ ዳሩ ግን የፍርዱን ጽሑፍ ያዘጋጀው ራሱ ኒውተን ነበር። ከሳሽም ዳኛም መሆን በጅማ ሽማግሎች ፊት እንኳ አያስኬድም። ዛሬ ሊቃውንት ሁለቱም በየበኩላቸው እንዳገኙት ይስማማሉ።

በ1693 ለጥቂት ወራት አእምሮው ታውኮ ወዳጆቹን ያለ ምክንያት ሲከስ ቆየ፤ ደግነቱ ዳነ። በ1696 የመንግሥት ገንዘብ ማተሚያ ቤት ተቆጣጣሪ ሆኖ ወደ ለንደን ሄደ። የእንግሊዝ የብር ገንዘብ ጠርዙ እየተቈረጠ ይሰረቅ ስለ ነበር አሮጌው ተሰብስቦ ጠርዙ በተሸነሸነ አዲስ ገንዘብ ሲለወጥ ሥራውን በትጋት መራ። በአባ ጅፋር ዘመን በሂርማታ ገበያ ቡና የሚገዛበት የማርያ ቴሬዛ ብርም ጠርዙ ጽሕፈት ያለበት ለዚሁ ጥበቃ ነው። በ1703 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1705 ንግሥት አን የሰርነትን ማዕርግ ሰጠችው። በ1720 ግን በአንድ የንግድ ኩባንያ አክሲዮን ብዙ ገንዘብ ከሰረ። የጨረቃን መንገድ አስልቶ የገበያውን መንገድ አለማወቁ ያስቃል።

ኒውተን ሚስት ሳያገባ ኖሮ ማርች 20 ቀን 1727 በ84 ዓመቱ ሞተ፤ ነገሥታት በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር ደብር በክብር ተቀበረ። ወዳጁ ሃሌ በኒውተን ሕጎች እየተመራ በ1682 የታየው ባለ ጅራት ኮከብ በ1758 ተመልሶ እንደሚታይ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ኮከቡ በተባለው ዓመት በፈረንጆች የልደት ዕለት ታየ። ከዚያም በ1835፣ በ1910ና በ1986 ተመልሷል። አሁን ከፀሐይ እጅግ ርቆ የሄደ ሲሆን ስበቷ መልሶ እያመጣው ነው፤ በ2061፣ በእኛ አቆጣጠር በ2053 ዓ.ም. ክረምት ይደርሳል። በጅማ የክረምቱ ደመና ለጥቂት ሌሊት ከገለጠልን፣ ያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት ያለፈን የዛሬዎቹ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች እናየዋለን።